ማን ነው «አንተ»?

«ደቤ የኔ! የማለዳ ጓዴ!»

ነጠላዋን ያደገደገች ረጅም ሴት ደረቷን እየደቃች ወደ ድንኳኑ ገባች። ሥርጉት ቀና ብላ አየቻት። ይቺ ደግሞ ከየት መጣች? የኔ አለችው እኮ!

ባሏን ደበበን ከቀበረች ወዲህ የኔ ያላለው ሰው የለም። የወናጎ ባጃጅ ነጂዎች መጥተው «ደቤያችን» ብለው አለቀሱ። የኢዲዶ ቡና ለቃሚዎች በእግራቸው መጥተው «ወንድማችን» አሉት። ሁሉም የየድርሻውን ወስዶ ለሷ ምን ሊተርፋት? በሞተ ሰው ይቀናል? ሥርጉት ትቀናለች፣ ያውም እርር ድብን ብላ። ከሁሉም የምታበግናት ሉሲ ናት፤ ማለዳ ማለዳ ከደበበ ጋር የራዲዮ ፕሮግራም የምታቀርበዋ ልጅ። ዓይኗ አብጦ ሥርጉት እግር ሥር ተቀምጣለች፤ ላያት ሰው ባሏ የሞተባት እሷ ትመስላለች። ደበበ ልቡ የቆመው ማይክሮፎኑ ፊት ስለነበር የመጨረሻ ቃሉን እንኳ የሰማችው እሷው ናት።

«ትንሽ ቅመሽ፣ እንዲህማ አይሆንም» አለች ጎረቤቷ አሰፋች፣ ሳህን የተከደነበት የቡላ ገንፎ ከጎኗ እያስቀመጠች።

«ተይኝ አሰፉ።»

ደበበ የሚሠራበት ራዲዮ ጣቢያ፣ ቀዬ ኤፍ ኤም፣ ሲከፈት ከቆርቆሮ መሸጫው ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበር። የባጃጁ ጥሩምባ ሁሉ ማይክሮፎን ውስጥ እየገባ አስቸገረ። አንድ ቀን ደበበ የሠርጋቸውን ስፖንጅ ፍራሽ ተሸክሞ ወጣና ቆራርጦ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። «ድምፅ ይይዛል» አለ። ክረምቱን ሰሌን ላይ ከረሙ። ከዚያ የሳሙና ማስታወቂያ መጣ፣ የጠፋ በሬ ማፈላለግ መጣ፣ የእሸት ቡና ዋጋ መጣ፣ በመጨረሻም ሉሲ መጣች። ደበበ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል፤ ለከተማው ሲያወራ ውሎ ማታ ለሥርጉት የሚተርፋት ሳል ነው።

«ፍራሼን የበላ ራዲዮ እዚህ ቤት አይከፈትም!» አለች ያኔ፤ እንዳለችውም አልከፈተችም። የጎረቤት ራዲዮ ሲጀምር መስኮቷን ትዘጋለች፤ ሰው ስለ ፕሮግራሙ ሲያነሣባት ወሬ ትቀይራለች።

«ዛሬ ሰማህኝ?» ይላታል ማታ።

«ምንህን ልስማ!»

«ሰማህኝ» ነው የሚላት፣ «ሰማሽኝ» አይደለም። ከኢዲዶ ለትምህርት ዲላ ሲመጣ አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ነበርና አማርኛው ገና ነበር። አባቷ ሱቅ ገብቶ «አንተ ቆንጆ፣ ሻማ አለህ?» ቢላት እስኪያማት ሳቀች። ኋላ አማርኛው ተቃንቶ ዜና አንባቢ ሆነ፤ ሴቱን አንቺ፣ ወንዱን አንተ ሳይሳሳት ይጠራል። እሷን ግን ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ እያወቀ «አንተ» እንዳላት ኖረ።

ረጅሟ ሴት አጠገቧ ተቀመጠች። አልጣሽ እባላለሁ፣ ከቡሌ ነኝ አለች፣ በጌዴኦኛ ቅላፄ።

«አይዞህ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ወጣቶቹ ተያዩ። ሥርጉትን ግን አንጀቷን በላት። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም።

«ትናንት ራዲዮ ከፈትኩ፣ ሙዚቃ ብቻ!» አለች አልጣሽ። «እንግዲህ ያንን ሰውዬ ማን ይቀሰቅሰዋል?»

«የቱን ሰውዬ?» አለች አሰፋች።

«ደቤ ሁልጊዜ ሲጨርስ የሚጠራውን ነዋ! ‹አንተ፣ ተነሣ። ገንፎውን ከድኜልሃለሁ፣ ሳይበርድ ብላ› ይል የለ?»

ድንኳኑ ሞቅ አለ። አንዱ «የጣቢያው ዘበኛ ነው፣ አብዲሳ» ሲል አብዲሳ ከወዲያ ጥግ ብድግ አለ።

«ኧረ በፈጣሪ! እኔ ገንፎውን በዓይኔም አላየሁት!»

ለቅሶ መሆኑ ተረስቶ ሳቅ አመለጣቸው። ሉሲ ዓይኗን ጠረገች።

«ስንቴ ጠየቅኩት መሰላችሁ! ‹እሱ ራሱን ያውቃል› ብቻ ነው የሚለኝ። ሰውዬውን ሳላውቀው እቀናበት ነበር። እትዬ ሥርጉት፣ እርስዎ ያውቁታል?»

ሥርጉት ከጎኗ ያለውን ሳህን አየች። ሁልጊዜ ስትነሣ ምድጃው ጥግ ሳህን የተከደነበት የቡላ ገንፎ ይጠብቃት ነበር፤ ደበበ ራሱ ያገነፋው። ሳይሰናበታት ወጣ ብላ አኩርፋ ትተኛለች፤ ቆይታ ስትነሣ ቀዝቅዞ ነው የምትበላው። ለካ ይሰናበታት ኖሯል! አገር እየሰማ፣ እሷ መስኮቷን ዘግታ።

«እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደረሰ። ሉሲ ዓይን ዓይኗን ታያለች፤ አልጣሽም፤ ድንኳኑም በሙሉ። ይሄን ከነገረቻቸው ነገ «አንተ»ም የሁሉም ነው። የለም፣ ይሄን አትሰጥም።

«አላውቀውም» አለች።

ወሬው ወደ ሌላ ሲዞር ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። አሰፋች ፈጠን ብላ «ላሙቅልሽ?» አለቻት።

ሥርጉት ክዳኑን ገለጠች። ገና አልበረደም ነበር።

«እሺ» አለች ቀስ ብላ። አሰፋች እሷን ያለቻት መስሏት ለመቀበል እጇን ዘረጋች። ሥርጉት ግን ሳህኑን አልለቀቀችም፤ ማንኪያውን አንሥታ መብላት ጀመረች።