የሉሃር ዘር

አቃቂ ውስጥ ፀሐዩ የሚባል ሰው ሞልቷል፤ ፀሐዩ ሉሃር ግን አንድ ብቻ ነው። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲኮራ የኖረውም በዚህችው ስም ነበር።

አባቱ ህንዳዊ ነበር። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ሲተከል ከማሽኖቹ ጋር መጣ፤ አሰለፈች የምትባል የአቃቂ ልጅ አገባ፤ ፀሐዩ አምስት ዓመት ሲሞላው «እናቴ ታማብኛለች» ብሎ ወደ አገሩ ሄደና በዚያው ቀረ። ሠራተኛው ሁሉ «ሚስተር ሉሃር» እያለ ይጠራው ስለነበር ለልጁ የአባት ስም ሆኖ የተመዘገበው ይኸው ሆነ።

«ምን ማለት ነው?» ብሎ ለጠየቃት ሁሉ አሰለፈች «ንጉሥ ማለት ነው» ትል ነበር። «የራጃ ዘር ነው።» ፀሐዩ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ጠባው። ፈትል ክፍል ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሠራም፣ የፈረቃ አለቃ ሲሆንም፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ለሰው ሁሉ ያወራው ይህንኑ ነው። የሰፈሩ ሰው አንዳንዴ «ንጉሡ መጣ» እያለ ይቀልድበታል። እሱ ቀልዱን ለቀላጁ ትቶ ክብሩን ብቻ ይወስድ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ማንንም አልጎዳም። የጎዳው የዛሬ አራት ዓመት ነው።

ያኔ ልጁ እድላዊት ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቀናው የሚባል፣ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ማሽን ላይ የሚሠራ ልጅ ሽማግሌ ላከባት። የቀናው አባት አቶ አሻግሬ ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ በርና መስኮት እየበየዱ የሚተዳደሩ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ፊት ለፊት የሚናገረው ባይኖርም አባታቸው ማረሻ ቀጥቃጭ እንደነበሩ ሰፈሩ ያውቃል። ከመጡት ሦስት ሽማግሌዎች ታላቁ የእድሩ ሰብሳቢ አቶ ሰይፈሥላሴ ነበሩ። በወጉ መሠረት ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። ፀሐዩ ተቀመጡም አላላቸው።

«እኔ የሉሃር ልጅ ነኝ» አለ። «የንጉሥ ዘር ከቀጥቃጭ ጋር አይቀላቀልም። ልጄን ለቡዳ አልሰጥም። ለላካችሁ ሰው ይህንኑ ንገሩልኝ።»

እድላዊት ከጓዳ ሆና እያንዳንዷን ቃል ሰማች። አቶ አሻግሬም ስድቡ ሲደርሳቸው «ይህን ካለን ቤት ልጅ አናመጣም» አሉ። ቀናውና እድላዊት በሁለት አባቶች መሃል አንድ ዓመት ያህል ከተንገላቱ በኋላ ልጁ ሐዋሳ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ አምና እዚያው አገባ። እድላዊት ስለ ነገሩ ዳግመኛ ትንፍሽ አላለችም። ጠዋት ወደ ሥራ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች፣ የአባቷን የደም ግፊት መድኃኒት ሳትረሳ ትገዛለች። ፀሐዩ ዝምታዋን እንደ መስማማት ቆጠረው።

እድላዊት የምትሠራው ቂሊንጦ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ነው፤ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ባለፈው መስከረም ሚስተር ሱታር የሚባል አዲስ ህንዳዊ ኢንጂነር እንደመጣ እግረ መንገዷን አወራች። ፀሐዩ ከዚያች ቀን ጀምሮ እረፍት ነሳት።

«ጋብዢውና ይምጣ። ስማችን ከየት እንደመጣ ይንገረን። እዚያ ስንት እንደሆንን፣ የትኛውን አገር እንደምንገዛ እንወቅ።»

«ይቅርብህ አባዬ» አለችው አንድ ጊዜ። ሌላ ጊዜ «ሥራ ይበዛበታል» አለችው። እሱ ግን አልሰማም። የኅዳር ሚካኤልን ዝክር ሲያዘጋጅ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ፤ አቶ ሰይፈሥላሴንም ጠራ። ሰው በተሰበሰበበት ይነገር ብሎ ነው።

ሚስተር ሱታር በአምሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ ፈገግታ የማይለየው ሰው ነው። ሥጋ አይበላም ስለተባለ የፀሐዩ ባለቤት አስካለች ሽሮና ጎመን ለብቻ ሠርታለት ነበር። ምሳው ሲያበቃ ፀሐዩ ኮቱን አስተካከለና ከሣጥን አንድ ቢጫ የሆነ ደብዳቤ አወጣ። አባቱ ከሄደ በኋላ የላካት አንዲት ደብዳቤ ናት። በህንድ ፊደል ስለተጻፈች ፀሐዩ አንብቧት አያውቅም።

«በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጠይቂልኝ» አላት ልጁን።

እድላዊት ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «እዚህ፣ ሰው ፊት?»

«ታዲያ ለምን ጠራኋቸው?»

በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ህንዳዊው ደስ እያለው ረዘም አድርጎ መለሰ፤ እሷም ወደ አማርኛ መለሰችው።

«የእኔ ስም ሱታር አናጢ ማለት ነው ይላል። እነሱ ጋ ብዙው የቤተሰብ ስም እንዲህ ነው፤ የአያት የቅድመ አያት ሥራ ነው ስም ሆኖ የቀረው። ሶኒ የሚባሉት ወርቅ ሠሪዎች ናቸው። ሉሃር ደግሞ…» ቆም አለች። «ሎሃ ብረት ነው ይላል። ሉሃር ብረት ቀጥቃጭ ነው።»

ፀሐዩ ሳቀ። «አልገባውም። ንጉሥ የሚለውን ጠይቂው።»

«ንጉሥ ራጃ ነው ይላል። ሌላ ቃል ነው።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ሚስተር ሱታር ግን ጸጥታው የአድናቆት መስሎት ቀጠለ። ስልኩን አውጥቶ ካርታ ከፈተ፤ በጣቱ እያሳየ አወራ፤ እድላዊት ከሥር ከሥሩ ተረጎመች።

«ስሙ የሚበዛው ጉጅራት በሚባለው ክፍለ አገር ነው ይላል። ግን አንድ ቦታ የተሰበሰበ አይደለም። ራጃ ለአንድ አገር አንድ ይበቃል፤ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ሰው ግን በየመንደሩ ያስፈልጋል። ስለዚህ በየመንደሩ አንድ ሁለት ቤት ሉሃር አይጠፋም። ወደ ሰሜን ሲኬድ ሎሃር ይሉታል፣ እስከ ኔፓል ድረስ። ድንበር ተሻግሮ ፓኪስታን ውስጥም ሙስሊም ሎሃሮች አሉ። በመርከብ ተሻግረው ምሥራቅ አፍሪካ የገቡም አሉ፤ ብረት የሚያውቅ ሰው የትም ይፈለጋል። የአባትህ እዚህ መምጣት አይገርመኝም ይላል።»

ከዚያ ደብዳቤውን ተቀበለ። ጥቂት መስመር እንዳነበበ ፈገግታው ጠፋ።

«ጮክ ብዬ ላንብበው ወይ እያለ ነው» አለች እድላዊት።

ፀሐዩ እምቢ ማለት ፈለገ። ሰው ሁሉ ግን እያየው ነበር። አንገቱን በእሺታ ነቀነቀ። ሚስተር ሱታር አነበበ፤ እድላዊት ተረጎመች።

«እናቴ አረፈች። የአባቴን ምድጃ የሚረከብ ከእኔ ሌላ ስለሌለ መመለስ አልቻልኩም። ማረሻና ማጭድ እሠራለሁ። ወናፉን የሚነፋልኝ ሰው ቀጥሬያለሁ፤ ልጄ አጠገቤ ቢሆን ኖሮ የሚነፋው እሱ ነበር። ሲያድግ ንገሪው። የሚያሳፍር ሥራ አይደለም።»

ፀሐዩ ያቺ ደብዳቤ የመጣችበትን ቀን ያስታውሳል። ፋብሪካው ውስጥ የነበረ ሌላ ህንዳዊ እቤታቸው ድረስ መጥቶ ለእናቱ አንብቦላት ነበር። እሱ ውጭ ነበር የሚጫወተው። ሲገባ «አባዬ ምን አለ?» ብሎ ጠየቃት። እናቱ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና «አባትህ ዙፋን ወረሰ» አለችው።

እንግዲህ አሰለፈች ተሳስታ አልነበረም። አውቃ ነው የዋሸችው። ለምን እንደዋሸች ለማወቅም ፀሐዩ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። ልጇ የቀጥቃጭ ልጅ ተብሎ ሰው እንዳይሸሸው፣ አብሮት የሚበላ እንዳያጣ፣ የሚድርለት እንዳይጠፋ ፈርታ ነው። የፈራችው እንደ እሱ ያለውን ሰው ነው። ይህ ሐሳብ ሲመጣበት ፊቱ እንደ ምጣድ ጋለ፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ።

አቶ ሰይፈሥላሴ እጃቸውን ታጠቡ። «ሚካኤል ለከርሞ ያድርሳችሁ» አሉ ለአስካለች። ፀሐዩን በዓይናቸውም አላዩት፤ በዝግታ ወጡ። ሌላውም አንድ በአንድ ተከተላቸው።

ፀሐዩ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣም። በሦስተኛው ቀን እድላዊት ከሥራ ስትመለስ አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ታውቂ ነበር አይደል?»

«ከመስከረም ጀምሮ» አለች ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። «መታወቂያዬ ላይ ስሙን አይቶ ነው የነገረኝ።»

«ለምን ለብቻዬ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?» ቦርሳዋን አስቀመጠች። «እውነቱን ልንገርህ አባዬ። እንድትሰማው ፈልጌያለሁ። ሰው ፊት ይሁን ያልከው ግን አንተ ነህ። ሁለት ጊዜ ላስቀርህ ሞክሬያለሁ። በሦስተኛው ግን ይስማው ብዬ ተውኩህ። በዚያ እኔም አፍሬያለሁ።»

ፀሐዩ ስለ ቀናው ሊያነሳ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ አቶ አሻግሬ ብየዳ ቤት ሄደ። መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲለማመድ ነበር። አቶ አሻግሬ አንድ ትልቅ የግቢ በር አስተኝተው እየበየዱ ነው። ሲያዩት ማሽኑን አጠፉ፤ የብየዳ መከለያቸውን ወደ ላይ ገፉ። ወንበር ግን አላቀረቡም።

«እንደምን አደሩ አቶ አሻግሬ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መቼም ሰምተዋል።»

«አቃቂ ትንሽ ናት።»

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ያን ጊዜ የተናገርኩት…»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አሉ አቶ አሻግሬ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ያ ህንዳዊ ሉሃር ማለት ንጉሥ ነው ቢልዎት ኖሮ ዛሬ እዚህ ይመጡ ነበር?»

ፀሐዩ ብዙ መልስ መጣለት። ልቤ ከድሮም ይወቅሰኝ ነበር ሊል አሰበ፤ ውሸት ነው። ለልጄ ስል ሊል አሰበ፤ እሱም ውሸት ነው። መንገድ ላይ የተለማመደው ሁሉ አንድ በአንድ ከእጁ ወደቀ።

«አልመጣም ነበር» አለ።

አቶ አሻግሬ ረጅም ጊዜ አዩት። «እንግዲያው የመጡት የእኛን ሰው መሆን አውቀው አይደለም። ከእኛ ስለተቆጠሩ ነው።»

«አዎ።»

«አልዋሹም፤ ይህስ ደግ ነው።» ጓንታቸውን አወለቁ። «እኔ አባቴን ደብቄ አላውቅም። በሠሩት ማረሻ አገር አርሶ በልቷል። የሰው አፍ ለምጄዋለሁ። ልጄ ግን አልለመደም ነበር። ያን ሰሞን እህል አልቀምስ ብሎ እናቱን ሲያስለቅሳት ከረመ። ያንን ነው መርሳት ያቃተኝ።»

«ልደውልለትና…»

«አይደውሉ። ትዳር ይዟል፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ሰላሙን አይንኩበት። የሰደቡን ሽማግሌ ፊት ነው። የሚሉት ነገር ካለ እዚያው ይበሉት።»

መከለያውን ወደ ፊታቸው አወረዱና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ፀሐዩ የብየዳው ብርሃን ዓይኑን እንዳይወጋው ፊቱን አዞረ፤ ከዚያም ሄደ።

እሑድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። «ልዩ ልዩ» የሚባለው አጀንዳ ላይ ሲደረስ ፀሐዩ እጁን አወጣና ቆመ። የፊቱን ወንበር ያዘ።

«የዛሬ አራት ዓመት» አለ፣ «እቤቴ ለመጡ ሽማግሌዎች የንጉሥ ዘር ነኝ፣ ልጄን ለቡዳ አልሰጥም ብያለሁ። የአቶ አሻግሬን ቤት ነው የሰደብኩት። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ባይሆንም ኖሮ ስድቡ ስድብ ነው። ይህን ያወቅሁት ግን ወደ ራሴ ሲዞር ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

የተወሰነው ሰው መሬት መሬቱን አየ። ከኋላ አንዲት ሴትዮ «አሁን ምን ሊፈይድ» ስትል ተሰማች። ጸሐፊው እስክሪብቶውን እንደያዘ «ይመዝገብ?» ብሎ ሰብሳቢውን ጠየቀ። አቶ ሰይፈሥላሴ ወደ ፀሐዩ አዩ።

«ይመዝገብ» አለ ፀሐዩ።

ከዚያ ወሬው ወደ ተቀደደው የእድሩ ድንኳን ሄደ። አቶ አሻግሬ የኋላው ረድፍ ላይ ነበሩ። ሰላም አላሉትም፤ ስብሰባውን ጥለውም አልወጡም። ፀሐዩ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ። በግራና በቀኙ ያሉት ሁለት ወንበሮች ባዶ ነበሩ።

እቤት ሲደርስ እድላዊት ቀድማ ሰምታ ነበር። «ሰማሁ» ብቻ አለችው። በወሩ መጨረሻ ከሥራ ባልደረባዋ ከሩት ጋር ቂሊንጦ ቤት ተከራየች። ለሥራዬ ይቀርበኛል አለች። አስካለች አለቀሰች፤ ፀሐዩ ግን አትሂጂ ሊል አልደፈረም። ፍራሿን ራሱ ተሸክሞ እስከ ባጃጁ ወሰደላት።

ባለ ባጃጁ ዕቃውን ሲያስር ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ።

«እድሌ፣ ይቅር ብለሽኛል?» አላት፣ ዓይኑ የባጃጁ ጎማ ላይ ሆኖ።

«ገና ነው አባዬ» አለች እድላዊት። «እየሞከርኩ ነው።»

ገብታ ተቀመጠች። ሻንጣዋን ጭኗ ላይ አደረገች። «መድኃኒትህ ሐሙስ ያልቃል፤ ለእማዬ ነግሬያታለሁ። እሑድ እመጣለሁ።»

ባጃጁ የጭነት መኪኖቹን እየሸሸ ዋናው መንገድ ላይ ወጣ። ፀሐዩ አንዱን ባጃጅ ከሌላው መለየት እስኪያቅተው ድረስ እዚያው ቆሞ ቀረ።