ራሱን ለይተህ አስቀምጥ

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ታናሽ ወንድሙ ሁለት ነገር ጀመረ፤ እኔን በየቅዳሜው መጠየቅና ቤት ውስጥ አልኮል ማንጠር። የመጀመሪያው ከምን እንደመጣ ይገባኛል። ሁለተኛው ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሰዓት ጠጋኝ ነው። ሰው ሁሉ ሰከንድ ይለዋል፤ «አንድ ሰከንድ ብቻ» ብሎ የተቀበለውን ሰዓት ከሁለት ወር በኋላ ስለሚመልስ ነው። መጠጥ አይቀምስም። የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳል፤ ድሮም ቢሆን አንድ ብርጭቆ ከያዘ እስኪሞቅ ድረስ በእጁ ይዞት ይቀመጥ ነበር።

«እትዬ፣ የያዘኝ መጠጡ አይደለም፤ ጠብታው ነው» አለኝ። «ቧንቧው ጫፍ ላይ ይወለዳል፣ ይንጠለጠላል፣ ይወድቃል። ልክ እንደ ሰዓት።»

«ሰዓት አይፈነዳም» አልኩት።

«የእኔን ደንበኞች ስላላየሻቸው ነው።»

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ሳስተምር ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። መጀመሪያ ተው አልኩት። እንደማይተው ሳውቅ፣ ካልቀረ በደንብ ቢያውቀው ይሻላል ብዬ ተሸነፍኩ። አንድ ቀን በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ደወለልኝ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ቆሜ፣ ከጀርባዬ ተማሪዎች ወንበር እየጎተቱ፣ የሚያስፈልገውን ነገርኩት። የእሳት ነበልባል የለም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ብቻ። መስኮቱ ይከፈት። ቧንቧው በምንም ምክንያት አይደፈን። ምድጃው እየሠራ ከአጠገቡ አትነሳ። በመጨረሻም እንዲህ አልኩት፦

«መጀመሪያ የሚወጣው ራስ ይባላል። ራሱን ለይተህ አስቀምጥ። አደራ።»

«ራሱን?»

«አዎ፣ ራሱን። ከሌላው ጋር እንዳይቀላቀል።»

«ገባኝ» አለ። ደወል ተደወለ፤ ስልኩን ዘጋሁ።

በእኛ ቤተ ሙከራ ምንም ነገር ወደ ማጠቢያው አይደፋም። መጥፎው ተለይቶ፣ ስሙ ተጽፎበት፣ የሚወስደው ሰው እስኪመጣ ይቀመጣል። ስለዚህ «ለይተህ አስቀምጥ» ማለት በእኔ አፍ «መርዝ ነው» ማለት ነው። ይህን ትርጉም የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሦስት ወር አለፈ። በየቅዳሜው እየመጣ፣ አዲስ ልጅ እንደወለደ አባት፣ ዛሬ እንዲህ ሆነ፣ ትናንት እንዲህ አደረገ እያለ ያወራልኛል። እሰማዋለሁ። ፊቴን ወደ መስኮቱ ካዞርኩ ድምፁ የወንድሙ ድምፅ ነው። አሁን ሳስበው፣ ድምፁን እንጂ ቃሉን ሁልጊዜ አልሰማሁትም።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሰዓቴ ማሰሪያ ተበጥሶ ራሴ ወደ ሱቁ ሄድኩ። እንዳየኝ ሰዓቴን እንኳ ሳይቀበለኝ በመጋረጃው በኩል ወደ ጓዳ አስገባኝ። ጓዳው ከሱቁ ይልቅ ንጹሕ ነበር። ምድጃው ላይ ክዳኑ በሊጥ ዙሪያውን የተለሰነ ድስት፣ ከክዳኑ የወጣ የመዳብ ቧንቧ፣ ቧንቧው የሚጠመዘዝበት የውሃ ባልዲ፣ ከጎኑ ወንበር፤ ወንበሩ ላይ ደግሞ ጠብታ የሚቆጥርበት የሩጫ ሰዓት። መደርደሪያው ላይ ጠርሙሶች ተሰልፈዋል። ዐይኑ ላይ የሚያደርጋትን ማጉያ ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ፣ ከጥግ አንዱን ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ካስቀመጠበት አወጣው።

«ዛሬ በእግርሽ ስለመጣሽ እንጂ ለአንቺ ሙሉ እስኪሆን ልጠብቅ ነበር» አለኝ።

ጠርሙሱ ላይ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ አንድ ቃል ተጽፏል፦ ራስ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ራሱ ነዋ! አንቺ ያልሽኝ። ከስድስቱም ጥንስስ ራስ ራሱን እየለየሁ ለአንቺ አስቀመጥኩት። መሃሉን ለጎረቤት፣ ጭራውን ለማጠቢያው ቧንቧ።» ብርጭቆ አስቀመጠልኝ። «ለቀመሰው ሰው ሁሉ፣ ይሄ ምን አለው፣ ራሱ ለእትዬ ተቀምጧል እያልኩ ነው የማስጎመጀው።»

ቡሹን ነቀልኩት። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሸተተኝ። ብርጭቆውን ከፊቴ አራቅሁት።

«ከዚህ ቀምሰሃል?»

«እኔ? መቼ ጠጥቼ አውቃለሁ።»

ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አነሳሁት። ከአንገቱ በታች አራት ጣት ያህል ጎድሏል።

«ይህ የጎደለውስ?»

ቆጣሁ መስሎት አንገቱን አቀረቀረ። «ትናንት ከሰዓት የጋሽ ፎቶ ልደት ነበር። ባዶ እጄን ልሄድበት? እትዬ አትቀየመኝም ብዬ ነው። ሁለት ብርጭቆ። ደግሞ ትንሿ ብርጭቆ ነች።»

ጋሽ ፎቶ የሚላቸው ከሱቁ ጋር ግድግዳ የሚጋሩትን ፎቶ አንሺ ነው።

«ዛሬ አይተሃቸዋል?»

«ሱቁን አልከፈተም። ስድሳ ስድስት ዓመት ሲሞላ ሰው አርፍዶ ይነሳል ብዬ…»

ነገርኩት። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ ለተማሪ እንደምናገረው ነው የነገርኩት። ራስ የሚባለው የሚጣለው ነው፤ መጥፎው ሁሉ ቀድሞ የሚሰበሰበው እዚያ ነው፤ የስድስት ጥንስስ መጥፎ ለቅመህ አንድ ጠርሙስ ውስጥ አኑረሃል።

ቆሞ ቀረ። ማጉያዋን ከግንባሩ አውርዶ የማንኪያ መሳቢያ ውስጥ ከተታት።

«ራስ እኮ አናት ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «አለቃ ነው። የበላይ ነው። የቤተሰብ ራስ አይባልም? ደግሞ አስቀምጥ አልሽኝ እንጂ ድፋው አላልሽኝም።»

«አዎ» አልኩት። «ድፋው አላልኩህም።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም። እያንዳንዱ ቃል ትክክል ነበር። ፈተና ላይ ብጽፈው ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥ ነው።

ፎቶ አንሺው የሚኖሩት ከስቱዲዮው በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ደረጃውን ወጥተን አንኳኳን። ብዙ ቆይተው ከፈቱልን፤ በሩን ከከፈቱ በኋላም እጃቸው የበሩን ጠርዝ አልለቀቀም። ከኋላቸው መስኮቱ ተከፍቶ የረፋዱ ፀሐይ ወለሉን ሞልቶታል።

«ማነው? አንተ ነህ ሰከንድ?» አሉ። «መብራት ጠፍቷል እንዴ?»

ሰከንድ ወደ እኔ ዞረ። መልስ ከእኔ የጠበቀ ይመስለኛል። እኔ የእሳቸውን ክንድ ያዝኩ።

«ራስ ብለህ ያጠጣኸኝ ራሴን ይዞት ሄደ» እያሉ ሳቁ። «እስካሁን እየፈለግሁት ነው። ቤቱ ደግሞ ጭስ ገብቶበታል መሰለኝ፣ አይታያችሁም?»

ጫማቸውን ያደረገላቸው ሰከንድ ነው። የግራውን ከቀኝ አገላብጦ፣ እንደገና አወለቀ። ታክሲ ውስጥ መካከላችን አስቀመጥናቸው። ጠርሙሱ ጭኔ ላይ ነበር።

የድንገተኛ ክፍሉን መተላለፊያ አውቀዋለሁ። ከበሩ እስከ መጨረሻው አግዳሚ ወንበር ስንት ንጣፍ እንዳለ አውቃለሁ። ባለቤቴን የሸኘሁት እዚያ ነው፤ ስለ እሱ አልጽፍም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቸኩላ ትጠይቃለች፣ ረጋ ብላ ትጽፋለች። ምን ጠጡ፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት። ጠርሙሱን አሸተተችና ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ከምን ነው የተጠነሰሰው?»

«ከጭማቂ ቤቱ» አለ ሰከንድ። «ከሚጥሉት። ልጣጩ፣ ፍሬው፣ ጨምቀው የሚተርፋቸው።»

ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ልጣጭና ግርድ ከሌላው ይልቅ ብዙ ሜታኖል፣ ዐይን የሚያጠፋውን መርዝ፣ ያወጣል። ማንም የኬሚስትሪ መምህር ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። በሦስት ወር አልጠየቅሁትም።

«ማን አስተማረህ ይሄን?» አለችው።

«ማንም» አለ። «ከገዛ ጭንቅላቴ ያወጣሁት ነው።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስለነበር ድምፁ ብቻ ነው የመጣልኝ። ወንድሙም እንዲህ ነበር፤ ሲዋሽ ግድግዳ ያያል፤ የሚዋሸውም ለሌላ ሰው ሲል ብቻ ነው። ዝም ብል ዝም እንደሚልልኝ አወቅሁ። ዕድሜ ልኩን።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። በስልክ ነው ያስተማርኩት፤ አስተካክዬ አላስተማርኩትም።»

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጻፈችው።

ደማቸው ተወሰደ። ሜታኖል ተገኘበት። ደማቸውን በማሽን እንደሚያጥቡት፣ እስከዚያው ግን ማርከሻ እንደሚጀምሩላቸው ነገረችን።

«ማርከሻው ምንድን ነው?» አለ ሰከንድ።

«ለዚህ የተሠራው መድኃኒት አሁን የለንም። ንጹሕ አልኮል ነው፤ በልክ የሚሰጥ።»

አፉን ከፍቶ አያት። «መሃሉ ማለት ነው?»

ምን እንዳለ አልገባትም። አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ ዘርግቶ አያቸው። ለአሥር ጎረቤት በነፃ ያደለው ነገር ነው ለእኚህ ሰው መድኃኒት የሚሆነው።

እሑድ ከሰዓት ገብቼ አየኋቸው። ራሳቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«መምህርት፣ ጆሮዎ አለ፤ ፀጉርዎም አለ» አሉኝ። «መሃሉ ግን የለም። ፊትዎ ያለበት ቦታ ላይ ግራጫ ነገር ተቀምጧል።»

አርባ ዓመት የሰው ፊት መሃል አይተው የኖሩ ሰው ናቸው። ተቀምጬ ስለ ስልኩ፣ ስለ ቃሉ፣ ስለ ቤተ ሙከራው ልማድ አንድም ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ሰከንድ መተላለፊያው ላይ ነበር፤ መግባት አልቻለም።

ብርድ ልብሱን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ።

«አንድ ሙሽራ ነበረች» አሉ በኋላ። «አይንቀሳቀሱ አልኳት። ትንፋሿን ጭምር ያዘችና ከነመጋረጃዬ ወደቀች።» ትንሽ ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ቆመ። «ይሄ ግን ከሙሽራዋ ይበልጣል፣ መምህርት።»

«አውቃለሁ፣ ይበልጣል» አልኩ።

«ያንን ሰነፍ ይግባ ይበሉት። አለቀሰ አላለቀሰ አይታየኝም፤ ምን ያሳፍረዋል?»

ሐኪሟ፣ ዐይናቸው የሚመለሰው በስድስት ሳምንት ውስጥ ከተመለሰ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያልተመለሰ አይመለስም አለችን። ሰከንድ ድስቱን አልጣለውም፤ ቧንቧውን ግን ከክዳኑ ቆርጦ አነሳው። ጠዋት ጠዋት የራሱን ሱቅ ሳይከፍት የእሳቸውን ይከፍታል፤ ደንበኛ ሲመጣ ለካሜራው ብርሃን ያስተካክላል፤ እሳቸው ቁልፉን ይጫናሉ። ማን ዐይኑን እንደጨፈነ የሚነግራቸው እሱ ነው።

እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ብቅ እላለሁ። መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ያስቀምጡኝና ፊት ለፊቴ ይቀመጣሉ። በሁለተኛው ሳምንት «አገጭ መጣ» አሉ። በሦስተኛው አፌ መጣ፤ «ለካ እንዲህ ገጥመው ነው የሚይዙት» አሉኝ። በአራተኛው ሰከንድ ከሩቅ «አፍንጫዋስ?» ብሎ ጮኸ፤ «ለምን ትቸኩላለህ፣ ትልቅ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ» ብለው መለሱለት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁት ያን ቀን ነው፤ እሳቸውም አፌን ስላዩ አወቁ።

አምስተኛው ሳምንት ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው እንደገና ተቀመጥን። ሰከንድ ሱቁ ውስጥ ነበር። ከሰዓት ስለሆነ ብርሃኑ ጥሩ ነው። ራሳቸውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዘነበሉ።

«ዐይንዎ ብቻ ቀረ» አሉኝ። «እዚያ ጋ አሁንም ግራጫ ነው። ወደ እኔ ነው ወይስ ወደ መስኮቱ የሚያዩት?»

«ወደ እርስዎ ነው።»

«ይሄ ባይመለስስ?»

ባይመለስ ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ አሁንም አላውቅም። ዐይኔን እንደማያዩት ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ስለዚህ ሁልጊዜ ሰው ፊት የምይዘውን ፊቴን ለቀቅ አደረግሁት፤ እሳቸውም ዐይኔን እየፈለጉ፣ ረጅም ጊዜ ትይዩ ተቀመጥን።