ሁለት ሆነው የሚገቡበት ጨለማ

የሚያስፈራ ጌም ብቻውን የሚጫወት ሰው አይጮኽም። ይህን የምለው ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም፤ ግማሽ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ ሰው ሲፈራ ስላየሁ ነው። ብቻውን ያለ ሰው ጭራቁ ከበሩ ኋላ ብቅ ሲል ትንፋሹን ይውጥና ድርቅ ይላል። ከዚያ ጆይስቲኩን አስቀምጦ ውሃ ይጠጣል፣ "ምንም አያስፈራም" ብሎም ይዋሻል። አጠገቡ ጓደኛው ሲቀመጥ ግን ያው ሰው፣ ያንኑ ጭራቅ አይቶ፣ ጣራ የሚያነሳ ጩኸት ይለቃል። ለምን? ሁለት ሲሆኑ ፍርሃቱን ተካፍለውት ሊቀልላቸው አይገባም ነበር? ይህ ነገር በጣም ያስገርመኝ ነበር።

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ብቻህን ስትገባ የምትፈራው ለራስህ ብቻ ነው። ሁለት ሆናችሁ ስትገቡ ለሁለት ትፈራለህ። ጩኸት ደግሞ ሰሚ ይፈልጋል፤ ሰሚ በሌለበት ማን ይጮኻል? ጓደኛዬ ሄራን በዚህ አትስማማም። አብረን ስንጫወት "ናዲያ፣ ፍልስፍናሽን ተይና ባትሪውን አብሪ" ትለኛለች። እሷ እንደምትለው ሰው የሚጮኸው ጓደኛው ደደብ ስለሚሆንበት ነው። እሱም ቢሆን ውሸት አይደለም።

ጌም ቤቴ ሐዋሳ ፒያሳ ላይ፣ ከአባዬ ከዩኑስ የብርድ ልብስ ሱቅ ጀርባ ያለች ክፍል ነበረች። ጊዜው ሚሊኒየሙ አልፎ መብራት በፈረቃ የሆነበት ነው። ከዩኒቨርሲቲ የወጣነውን ሁሉ "ተደራጁ" ይሉን ነበር፤ አብረውኝ ማኔጅመንት ከተማሩት መካከል ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ነበሩ። እኔ አባዬን ለምኜ የዕቃ ማስቀመጫውን ወሰድኩና ሁለት ቲቪና ሁለት ፕሌይስቴሽን አስገባሁ። ሌሎቹ ጌም ቤቶች የሚያጫውቱት ኳስ ነው፤ ሕጉም የታወቀ ነው፤ ተሸናፊ ከፍሎ ይነሳል። ሴት ልጅ ገብታ ብትቀመጥ ሁሉም ጨዋታውን ትቶ እሷን ያያል። እኔ ጋ ግን ሁለት ሰው እየተጋገዘ የሚጫወተው የሆስፒታሉ ጌም አለ፤ እዚያ ላይ አንዱ ሌላውን አሸንፎ የሚያስነሳበት መንገድ የለም። ስለዚህ ሴቶቹ እኔ ጋ መጡ። መጥተውም ጮኹ።

ጌሙ እንዲህ ነው። ሰው ጥሎት የሄደ አሮጌ ሆስፒታል አለ። ቲቪው ለሁለት ይከፈላል፤ ከላይ ባትሪ የያዘ ዘበኛ፣ ከታች ቁልፍ የያዘች ነርስ። ዘበኛው ካላበራ ነርሷ አጥርታ አታይም፤ ነርሷ ካልከፈተች ዘበኛው አያልፍም። በኮሪደሩ ውስጥ እኛ ረጅሙ የምንለው ጭራቅ ይዞራል፤ ድምፅና ብርሃን ይጠራዋል። መጨረሻ ላይ የብረት በር አለ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ በሩን ካለፈ ጌሙ የሞተውን ከማዶ ያስነሳዋል። ስለዚህ ጌሙን የለመዱ ሰዎች እዚያ ሲደርሱ አንዱ ይሮጣል፣ ሌላው ይበላል፤ ማንም ቅር አይለውም። እኔም አዲስ ሰው ሲመጣ የማስተምረው ይህንኑ ነበር።

ችግሩ ግድግዳው ነው። ከግድግዳው ማዶ የጋሽ ማርቆስ የፕላስቲክ ዕቃ መደብር አለ። ጋሽ ማርቆስ ከከምባታ መጥተው ከአባዬ ጋር ጎን ለጎን ሲነግዱ የኖሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ጴንጤ ናቸው። ባልዲ ሊገዛ የመጣ ሰው ከግድግዳው ውስጥ "ወይኔ በላኝ" የሚል ጩኸት ሲሰማ ባልዲውን አስቀምጦ ይወጣል። ይህ ሲደጋገም አባዬ ዘንድ መጥተው በጨዋ ደንብ ጠየቁ፤ ክፍሏን ለዕቃ ማስቀመጫ ይከራዩአታል፣ ጩኸቱም ይቆማል። አባዬም እሺ አለ። ከሰኞ ጀምሮ ያንተ ናት አላቸው።

አባዬ አንዴ እሺ ካለ አለቀ። በፒያሳ ነጋዴ ዘንድ የተከበረው በዚህ ነው፤ የእኔ ለቅሶም የሚያስመልሰው አይደለም። ቃሉን ሊመልሱለት የሚችሉት ጋሽ ማርቆስ ብቻ ነበሩ። ቅዳሜ ዕለት ክፍሏን ዞር ዞር ብዬ አየኋት። ሴቶቹ ከዚህ በኋላ የት ሄደው ይጫወታሉ? እኔስ ጠዋት ተነስቼ የት እሄዳለሁ?

ያን ዕለት ከሰዓት ገበያው ቀዝቀዝ ሲል አባዬ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። "እስቲ ከመዘጋቱ በፊት ልየው" አለ። "ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚጮኸው ለምንድን ነው?"

ይህን ጥያቄ ከአባዬ አፍ መስማቴ ደስ አሰኘኝ። በዚያ ላይ ተስፋ አደረግሁ። ከብረቱ በር ማዶ ግቢ አለ፤ ነግቷል፤ ዘበኛውና ነርሷ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ይላሉ፣ ምንም አይመጣባቸውም። እዚያ የደረሱ ሁሉ ሲስቁ ነው የማያቸው። አባዬ ያንን ግቢ ቢያይ ጋሽ ማርቆስን ይለምንልኝ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። መብራት በፈረቃችን አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስለሚሄድ ከዚያ በፊት መድረስ ነበረብን፤ ግቢው ሳይደረስ መብራት ከሄደ ጌሙ ከዜሮ ይጀምራል።

ዘበኛውን ሰጠሁት፤ ነርሷን እኔ ያዝኩ። አባዬ አይሮጥም። በየበሩ "ቢስሚላህ" እያለ ይገባል፤ ባትሪውን እያንዳንዱ መደርደሪያ ላይ ያበራል።

"ይህ ሆስፒታል የማን ነው?"

"የማንም አይደለም አባዬ፤ ጌም ነው።"

"የማንም ያልሆነ ሆስፒታል የት አለ? አልጋውን ተመልከቺ፤ ደህና አልጋ ነው። ለምን ጥለውት ሄዱ?"

"ረጅሙ ስለመጣ።"

"ረጅሙስ ምን ፈልጎ መጣ?"

"ሰው ይበላል" አልኩ።

"ሰው ለመብላት ሰው በሌለበት ቤት ይዞራል?" አባዬ ራሱን ነቀነቀ። "ይህን ያህል ጊዜ አብረሽው ስትከርሚ ምን እንደጎደለው አልጠየቅሽም?"

እውነቱን ነው፤ አልጠየቅሁም። ከሚመጡት ሁሉ የጠየቀ የለም። ረጅሙ ከመስኮት ማዶ ሲያልፍ አባዬ አንገቱን አስግጎ "ይሄ ነው? ከሲታ ነው እኮ" አለ። በሳቅ ሞትኩ። እንደዚህ የሚጫወት ሰው አይቼ አላውቅም። ግን ጊዜ ይበላል። የብረቱ በር ያለበት ኮሪደር ስንደርስ የዐስር ሶላት ደረሰ።

አባዬ ተነሳና ደጃፉ ላይ ቆሞ "ማርቆስ፣ እይልኝ" አለ። ይህ የቆየ ልማዳቸው ነው። አባዬ ለሶላት ሲሄድ ጋሽ ማርቆስ ሱቁን ይጠብቃሉ፤ ጋሽ ማርቆስ ለጸሎት ሲሄዱ አባዬ የእሳቸውን ይጠብቃል። ጋሽ ማርቆስ መጥተው ሱቁም ክፍሏም ከሚታይበት ከመጋረጃው አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አባዬ ጆይስቲኩን እጃቸው ላይ አኖረው።

"ይችንም ያዝልኝ። ያ ባትሪ የያዘው እኔ ነኝ" አላቸው። "አደራ።"

ጋሽ ማርቆስ ጆይስቲኩን፣ ጢም ያለ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ ሰው፣ በሁለት እጃቸው ያዙት።

"ጋሽ ማርቆስ፣ መብራት ሳይሄድ በሩን ማለፍ አለብን" አልኳቸው። "ይህችን ወደፊት ይግፏት፤ ይሄዳል።"

"የለም። ዩኑስ እዚህ ነው ትቶት የሄደው፤ እዚሁ ነው የሚያገኘው።"

"ቢሞት እንኳ ችግር የለውም። እኔ ካለፍኩ ከበሩ ማዶ ይነሳል።"

"ዩኑስ በዚህ ተስማምቷል?"

"አልጠየቅነውም።"

"እንግዲያው ይቆይ።"

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ሰኞ ክፍሌን የሚወስዱት ሰው ዛሬ ደግሞ ጌሜን ያዙብኝ። አባዬን ብጠብቅ መብራቱ ይቀድመዋል። "እሺ፣ ባትሪውን ብቻ ያጥፉት፤ ካልበራ አያገኘውም" አልኳቸውና የሚጫኑትን አሳየኋቸው። ለዘበኛው እንደሚበጅ ሲገባቸው አጠፉት። እኔ ነርሷን በጨለማ እያስዳበስኩ ወደ በሩ ወሰድኳትና የበሩን መክፈቻ መዘውር ማዞር ጀመርኩ። በሩ ሲጢጥ እያለ ቀስ ብሎ ይከፈታል። ያንን ሰምቶ ረጅሙ ከኮሪደሩ ጫፍ መጣ።

"ወደ ማን ነው የሚሄደው?" ብለው ጠየቁ ጋሽ ማርቆስ።

"ወደ እኔ።"

"በሩስ?"

"ገና ነው። አይደርስልኝም።"

"አንቺ የትኛዋ ነሽ?"

"ነጭ የለበሰችው።"

ጋሽ ማርቆስ ወደ ቲቪው ጠጋ አሉ። "መሄጃው የቱ ነበር ያልሽኝ?"

ዘበኛው ተነቃነቀ። መጀመሪያ ከግድግዳ ጋር ተጋጨ፤ ዞረ፤ እንደገና ተጋጨ። ከዚያ ባትሪው በራ። ጋሽ ማርቆስ ዘበኛውን እያንገዳገዱ አምጥተው በረጅሙና በነርሷ መካከል አቆሙት። ረጅሙ ወደ ብርሃኑ ዞረ።

ጥጉን ሁሉ በቃሌ ስለማውቀው እኔ በዚያ ክፍል ውስጥ ጮኼ አላውቅም ነበር። ያኔ ጮኽኩ። "ጋሽ ማርቆስ፣ ይሽሹ፤ ጋሽ ማርቆስ" እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ። እሳቸው አልሸሹም። የትኛውን ተጭነው እንደሚሸሹም አያውቁም። ባትሪው ኮሪደሩ ላይ ተንከባለለና ጠፋ፤ ነርሷ በተከፈተው በር ሾልካ ወጣች።

"አላንቀሳቅሰውም ብለው አልነበረም?" አልኳቸው።

"እይልኝ ብሎኝ የሄደው አንቺንም ጭምር ነው" አሉ። ዓይናቸው ከጨለመው ከቲቪው የላይኛው ግማሽ አልተነቀለም።

አባዬ ከመስጊድ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ሰምቶኝ ኖሮ እየሮጠ ገባ። ደህና መሆኔን ሲያይ መቃኑን ተደግፎ ቆመ። ጋሽ ማርቆስ ከወንበራቸው ተነሱ። ሱቁ በእሳቸው ጥበቃ የተዘረፈ ይመስል አፍረው ነበር።

"ዩኑስ፣ ሰውዬህን አስበልቼብሃለሁ" አሉ።

አባዬ ቲቪውን አየ። ግቢው ነግቶ ነርሷና ዘበኛው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። "ይኸው አለሁ አይደል? ምን ሆንኩ?"

"ይሄ ሌላ ነው" አሉ ጋሽ ማርቆስ። "ያንተው እዚያ ውስጥ ቀርቷል። በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ልብሱ እኮ ያው ነው።"

"ልብሱ ያው ነው። የሆነውን ያስታውሳል ወይ?"

አባዬ ጢሙን እያሻሸ አሰበ። "ካላስታወሰማ እኔ አይደለሁም" አለ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

"አላውቅም" አልኳቸው። የምሬን ነው። በየቀኑ ሰው ሲሞትና ሲነሳ እያየሁ ከርሜ ይህ ሐሳብ መጥቶብኝ አያውቅም። ለአባዬ ላሳየው የጓጓሁለት ግቢ ፊቱ ላይ ነበር፤ ስለ ክፍሏ ልናገር ያዘጋጀሁት ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ። የተናገሩት ጋሽ ማርቆስ ናቸው።

"የክፍሏን ነገር" አሉ። "የሰጠኸኝን ቃል መልሼልሃለሁ።"

"ለምን? ጩኸቱ እንደሆነ አይቆምም።"

"አይቆምም፤ አውቃለሁ።" ጋሽ ማርቆስ ጆይስቲኩን በእጃቸው አገላበጡት። "በግድግዳ ስሰማው ጩኸት ብቻ ነበር። ዛሬ ስሜን ነው የጠራችው። ልጅህ ስሜን ጠርታ የጮኸችበት ክፍል ውስጥ ባልዲ አልከምርም።"

አለቀስኩ። ልደብቀውም አልሞከርኩም። አባዬ የጋሽ ማርቆስን ትከሻ ያዝ አደረገ፤ ከዚያ ሌላ ወንበር ስቦ ከጎናቸው ተቀመጠ።

"መብራት ሊሄድ ትንሽ ነው የቀረው" አልኩ አፍንጫዬን እየጠረግሁ።

"እስከዚያው" አለ አባዬ። "ማርቆስ፣ እስቲ የቀረሁበትን ቦታ አሳየኝ።"

ጋሽ ማርቆስ ወደ እኔ ዞሩ። "በዚያ በር ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል?"

ከዚያ ጨለማ የወጣ ሰው ተመልሼ ልግባ ሲል ሰምቼ አላውቅም። "እንጃ፣ እንሞክር" አልኳቸውና ነርሷን ከተቀመጠችበት አስነሳኋት።