አንገትና ትከሻ

«ታዲያ ሰው እየመጣ የጥይት ቀለህ ታቅፈን እንቀመጥ?» አለ አሳምነው፣ ወደ ደረጃው እያየ ድምፁን አፍኖ። «ነገ ሠልስቱ ነው። ዛሬ ይውጣ።»

«ባዶ ነው አልኩህ እኮ። ባሩድ የለው፣ ምን የለው።»

«ባዶና ሙሉ መሆኑን ለለቀስተኛው ማን ያስረዳዋል?»

ሐምራዊት ከአባቷ ወንድም ጋር የምትከራከረው ከፎቁ ሥር ባለችው ጠባብ የዕቃ ክፍል፣ አገሬው ቤርኺንግ በሚላት ውስጥ ቆማ ነው። አጎቷ ከሮተርዳም በመጣ ቁጥር «አንተ» ስትለው ይስቅ ነበር፤ እዚህ ያደገ ልጅ ምን ያድርግ እያለ። ዛሬ አልሳቀም። ወንድሙ፣ የሐምራዊት አባት ሽባባው፣ ከተቀበረ ገና ማግሥቱ ነው፤ አሳምነውን የሚያስጨንቀውም ሠላሳ ዓመት በሰላም የኖረ ስደተኛ ሲሞት «ጥይት ይሠራ ነበር» መባሉ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ሃምሳ ቀለህ ቆሟል። ሠላሳ ስምንቱን ሽባባው አስተካክሎ ጨርሷል፤ አሥራ ሁለቱ ይቀራል።

ቀለሆቹ የሄንክ ናቸው። ሄንክ፣ ሽባባው አምስተርዳም ኖርድ ውስጥ ቶርኖ ቤት ሲቀጠር አለቃው የነበረ ሽማግሌ ነው፤ ጠመንጃውም ፈቃዱም የእሱ። ጥይቱን የትኛውም ፋብሪካ አይሠራውም። ሄንክ በወጣትነቱ የሌላ ጥይት ቀለህ ወስዶ፣ አንገቱን አጥብቦ፣ ትከሻውን ወደ ኋላ ገፍቶ ለገዛ ጠመንጃው የቀየሰው ነው። ነሐስ ደግሞ በተተኮሰ ቁጥር ይረዝማል፤ ወደ ልኩ ካልተመለሰና አፉ ካልተከረከመ ጠመንጃው አይቀበለውም። የሄንክን ጣቶች ቁርጥማት ከያዛቸው ወዲህ ይህን ሥራ የሚሠራለት ሽባባው ነበር።

ሐምራዊት በዘጠኝ ዓመቷ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷን ተከትላ ወደዚህች ክፍል ትወርድ ነበር። አማርኛዋን የተማረችው ከዚህ ጠረጴዛ ነው ቢባል ውሸት አይሆንም። «አንገቱን ቀቢው፤» ይላታል፤ «ትከሻውን ግን ቅባት አታስነኪው፣ ይጎደጉዳል።» ከዚያ የመጫኛ መሣሪያውን እጀታ በቀስታ ይጫናል፤ ቀለሁ ከቅርጽ ማውጫው ሲወጣ አንገቱን ሰብስቦ ነው። አፉን ይከረክማል፣ ይለካል፣ እፍ ይልበታል። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ የእናቷን ወሬኛ ጓደኛ ብዙወርቅን «አፍሽ ረዝሟል፣ ይከርከም» ብትላት፣ ሽባባው ዕንባው እስኪወርድ ስቆ ነበር።

አንዴ ደግሞ፣ አገር ቤት ወታደር የነበረ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ለምን ከሄንክ ጋር እንደማይተኩስ ጠየቀችው። ቀለሁን ወደ አምፖሉ አቅንቶ ውስጡን አየ።

«የኔን ተኩሼ ጨርሻለሁ፤» አላት። «ይሄ ደስ የሚለኝ ካርቶን ብቻ ስለሚመታ ነው።»

አሳምነው የቆሻሻ ከረጢት ዘረጋ። ሐምራዊት ከዚያ በላይ አልተከራከረችም። በአባቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አንድ ቀለህ አነሣች፤ ለካችው፤ ልክ በአባቷ አነጋገር ለራሷ ተናገረች።

«ትከሻው ደህና ነው። አንገቱ ነው አልታዘዝ ያለው።»

አጎቷ ከረጢቱን እንደያዘ ቀረ።

«እንዴት አልሽ?»

ደገመችለት። አሳምነው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲመለስ ከረጢቱን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተና ሣጥን ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ።

«ቅባቱን ወዲህ በይው።»

«ትከሻውን አታስነካው።»

«እሺ፤» አለ።

አሥራ ሁለቱ ለማለቅ አንድ ሰዓት ፈጀ። ላይ ቤት ሲወጡ ሳሎኑ ሞልቷል። እናቷ የትነበርሽ ፍራሹ ላይ በነጠላ ተሸፍና ተቀምጣለች፤ ሴቶቹ ነገ ከዴን ሃግ የሚመጡትን ቄስ ማን ከባቡር ጣቢያ እንደሚቀበል ይነጋገራሉ። ሄንክ ከጠዋት ጀምሮ መስኮቱ አጠገብ፣ ንፍሮውን አንድ አንድ ፍሬ እየለቀመ ተቀምጧል። ስለ ቀለሆቹ አንድም ቃል አልጠየቀም።

አሳምነው ሃምሳው ቀለህ የተደረደረበትን ትንሽ ሣጥን ለሐምራዊት አልሰጣትም፤ ራሱ ይዞ በሰዎቹ መካከል አለፈ። ሄንክ ተነሣ፤ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። ክዳኑን አልከፈተም። አውራ ጣቱን አንድ ጊዜ በላዩ ላይ አሳለፈና ደረቱ ላይ አስጠጋው።

ቄሱን የሚቀበለው ሰው ገና አልተወሰነም። ሄንክ በሩን በክርኑ ገፍቶ ወጣ፤ አንዲት ሴት ወሬዋን ሳታቋርጥ ወንበሩን ለሚመጣው ለቀስተኛ ሳበችው።