ሁሪያ የደፋችው መድኃኒት

ሁሪያ የክኒኑን ብልቃጥ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ላይ ዘቅዝቃ አራገፈችና «አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልን!» አለች። ማታ ሸኽ አብዱሰመድ ቤቷ መጥተው ለልጇ ለጁነይድ ዱዓ አድርገውለታል፤ ጎረቤቱ ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን ብሏል። ልጁም ከስንት ጊዜ በኋላ ጥሩ እንቅልፍ ተኝቷል። ታዲያ ከዚህ ወዲያ መድኃኒት ምን ሊሠራ? ሌሊት ለረመዳኑ ሱሑር ስትቀሰቅሰውም ክኒኑን ዘለለችው፤ በእንቅልፍ ልቡ ስለነበር አልጠየቀም። ሁሪያ እንደሆነች አንዴ ከቆረጠች ቆረጠች ነው፤ መርሳ ከተማ የሚያውቃት ሁሉ ያውቀዋል።

ጁነይድ ልብስ ሰፊ ነው። ጦርነቱ መርሳ የገባ ጊዜ ፍንጣሪ ጭኑን መታው። መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ተዘርፎ ነበርና ለሕመሙ የተገኘው ትራማዶል የሚባለው ማስታገሻ ብቻ ሆነ። ቁስሉ ዳነ፣ ክኒኑ ግን አልለቅ አለው። እንደ ቆሎ ይቅመው ጀመር። ደንበኛ ጠፋ፤ የእናቱ ጉትቻም ጠፋ። ኋላ ራሱ አፍሮ ወልዲያ ሐኪም ቤት ሄደና ቀስ በቀስ እየተቀነሰ የሚወሰድ መድኃኒት ታዘዘለት፤ አስቀምጣ የምትሰጠውም እናቱ ሆነች። እጁ ረጋ። ለዒድ የልጃገረዶች ቀሚስ መስፋት ጀመረ። የእሷ ሆድ ግን አላመነም። ክኒን ያሳበደውን ልጅ በክኒን ማዳን ምን የሚሉት ጣጣ ነው?

ረፋድ ላይ ጁነይድ ያዛጋ ጀመር። አፍንጫው ጉንፋን እንደያዘው ሰው ወረደ፤ ላቡ ፈሰሰ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ተጠቀለለ።

«እማየ፣ መድኃኒቴን ምን አደረግሽው?»

«ደፋሁት። ሸኹ ዱዓ አድርገውልህ የለም እንዴ?»

«ሸኹ ድፊው አሉሽ?»

ሁሪያ ባዶውን ብልቃጥ ከኋላዋ ሸሸገች። አላሏትማ!

ልጇ መሬት ላይ ሲንከባለል ማየት አልቻለችም። ሻሿን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ወደ መናኸሪያው ገሰገሰች። እዚያ የስልክ ካርድ የሚሸጥ ጎረምሳ በጎን ትራማዶል እንደሚሸጥ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ለዛሬ ብቻ፣ ያ ረቢ፣ ለዛሬ ብቻ፣ አለች በልቧ።

ጎረምሳው ጋ ስትደርስ ፊቷን እስከ ዓይኗ የሸፈነች ሴት ክኒን እጇ ውስጥ ሸጉጣ ዞር አለች። ተፋጠጡ። ጎረቤቷ ረሂማ ናት! ማታ ከጎኗ ተቀምጣ ለጁነይድ አሚን ስትል ያመሸችው ረሂማ።

«ለ… ለወገቤ ነው» አለች ረሂማ።

«ወገብሽን መቼ አመመሽ?»

የረሂማ እንባ ዱብ ዱብ አለ። «ልጄ ከግንባር ቆስሎ ከተመለሰ ወዲህ እንዲህ ሆኛለሁ። ሲያቃስት አልችልም፣ ሁሪያ። ለዛሬ ብቻ፣ ለዛሬ ብቻ እያልኩ ይኸው ረመዳን ገባ።»

ሁሪያ ክው አለች። የራሷ ቃል ነው! ምንም ሳትገዛ ወደ ቤቷ በረረች፤ ጁነይድን ደግፋ አነሳችና ወልዲያ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከተተችው።

ኬላ ላይ ውረዱ ተባለ። ወታደሩ የልጁን መንቀጥቀጥ አይቶ «ምን ሆኗል?» አለ።

«ታሟል። ካላሳለፍከን አዝዬው በእግሬ እሄዳለሁ!»

ወታደሩ ሳቁ መጣና አሳለፋቸው። ጁነይድ ጥርሱን ነክሶ ወደ እናቱ ዘንበል አለ። «እማየ፣ ያንን ካርድ ሻጭ እኮ አልፌው መጣሁ» አለ። ፊቱ በላብ ርሶ ይስቃል።

ወልዲያ ሐኪም ቤት ጁነይድን የሚከታተለው ነርስ ማሩ አልተቆጣም። ጁነይድን አስተኝቶ መረመረውና ወደ ሁሪያ ዞረ። «እናቴ፣ ዱዓውን አያቋርጡ፤ መድኃኒቱንም አያቋርጡ። ትራማዶል የሄሮይን የሥጋ ዘመድ ነው፤ በአንዴ ሲቀር ሰውነት ያብዳል። ሌላ አገር ለዚህ ሜታዶን የሚባል መድኃኒት ይሰጣሉ፤ እኛ እጅ ያለው ቀስ እያሉ መቀነስ ነው።»

«ክኒንን በክኒን?»

«ጁነይድ የተሰፋ ቀሚስ ሲፈታ ጨርቁን ይቀደዋል ወይስ ክሩን ቀስ አድርጎ ይመዛል?»

«ይመዛል እንጂ!»

«ታዲያስ!»

ሁሪያ ያኔ ገባት። ማሩ ወደ ልጁ ዞሮ «ዛሬ ስለተጎዳህ መጠኑን ትንሽ ከፍ እናድርገው?» ሲለው ጁነይድ ራሱን ነቀነቀ።

«የለም። ከደረስኩበት ልቀጥል።»

እልል ልትል ምንም አልቀራትም፤ ሐኪም ቤት መሆኗ ትዝ አላት እንጂ። ደስታው ግን ደረቷን ሞላው።

መርሳ ሲመለሱ የመግሪብ አዛን እየተባለ ነበር። ጁነይድ ጾሙን በቴምር አፈጠረ፤ መድኃኒቱን በእጇ ሰጠችው። እሷ ውኃ ብቻ ተጎንጭታ ተነሳችና የረሂማን በር ቆረቆረች። ቤቱ ለኢፍጣር በመጡ ዘመዶች ሞልቷል። በሹክሹክታ ልትነግራት ነበር የመጣችው፤ ግን ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አስጠላት።

«ረሂማ፣ የኔ ጁነይድ ሱስ ይዞት ነበር። መድኃኒት እየወሰደ ነው፣ ወላሂ እየዳነ ነው። ነገ በጠዋት እሱን ላስመረምር ወልዲያ ልመለስ ነው፤ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ዘመዶቹ ሁሉ ወደ ሁሪያ ዞሩ። ረሂማ ዘመዶቿን አየች። ከዚያ ጥግ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወደተቀመጠው ልጇ ዞረችና ትክ ብላ አየችው።

«ሁለት ቦታ ያዥልን» አለች።