ከባቡሩ ሥር

ቻላቸው ቢሰጥን ለመጥላት ቀጠሮ አላስፈለገውም። ሰውዬው ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት ከሱዳን ቡሬ ገባና በሳምንቱ የወይዘሮ ያይኔአበባን የወፍጮ ቤት ቁልፍ ተመኘ። ያቺ ቁልፍ እኮ ቻላቸው ስድስት ዓመት ዱቄት እየቃመ የጠበቃት ናት። የድሮው ሞተረኛ ሞቷል፤ ታዲያ ከረዳቱ ሌላ ለማን ትገባለች? እርግጥ ሞተሩ ከቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ቻላቸው ሁለት ጊዜ ፈትቶ ገጠመው፤ ሁለቱንም ጊዜ ብሎን ተረፈው።

ቢሰጥ ደግሞ ምስክሬ ብሎ አሻንጉሊት ይዞ ይዞራል! ሱዳን ስነዳው የኖርሁት የእንግሊዝ ሥሪት የመንገደኛ ባቡር ይኸ ነው ይላል፣ በናፍጣ የሚሄድ። ከዘይት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ፣ አንዱን ክንድ ወደ አንድ ጣት አሳንሶ፣ ለክቶ ነው የሠራው። መስኮቱ፣ ወንበሩ፣ የሻንጣ መደርደሪያው ሳይቀር ተሰድሯል። ሐዲድ አይቶ የማያውቅ የቡሬ ሰው ምኑን ያመሳክር፣ አፉን ከፍቶ ያያል።

ቻላቸው ግን አንድ ቀን በባቡሩ የፊት መስኮት አጮለቀ። የነጂው ክፍል ባዶ ነው። የመንገደኛውን ወንበር አንድ ባንድ የደረደረ ሰው የራሱን መቀመጫ ይረሳል? ቻላቸው በደስታ እንቅልፍ አጣ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወይዘሮ ያይኔአበባ ሁለቱንም ወፍጮ ቤት ጠሯቸው።

«እትዬ፣ ይኸ ቀጣፊ ነው» አለ ቻላቸው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ይዩልኝ፣ የነጂው ክፍል ባዶ ነው። ገብቶበት ቢያውቅ ባዶ አይተወውም ነበር።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው አዩ። ቢሰጥ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«ልክ ነው» አለ። «ከዚያ ክፍል አስገብተውኝ አያውቁም። ነዳሁ ያልሁት ውሸቴን ነው። ከስደት ባዶ እጄን መጥቼ አፍሬ ነው።»

ቻላቸው ሳቀ። «ታዲያ ሱዳን ዘጠኝ ዓመት ምን ስትሠራ ኖርህ? ወለል ስትጠርግ?»

ቢሰጥ ባቡሩን ገለበጠው። ከወለሉ ሥር ሁለት ሞተር በጎናቸው ተኝተዋል፤ ቱቦው፣ ማጣሪያው፣ የብሎኑ ራስ እንኳ አልቀረም።

«የዚህ ባቡር ሞተር ከመንገደኛው እግር በታች ነው፣ እትዬ። እኔም ከዚያ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ስጠግን ነው የኖርሁት።»

ወይዘሮ ያይኔአበባ የቆመ ሞተራቸውን አዩ፤ ቀጥለው ቻላቸውን አዩት።

«ወፍጮ ምን ነጂ ያሻዋል ልጄ፣ ባለበት ነው የሚዞር» አሉና ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው ለቢሰጥ ሰጡት። «አንተ ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ። አንተ ደግሞ ቻላቸው፣ ሥሩ ጨለማ ነውና ኩራዙን አብራና ያዝለት።»

ቻላቸው ጥርሱን ነክሶ ያዘለት።