የሁለተኛዋ ፈራሚ መስመር

በእንግሊዟ የባሕር ዳር ከተማ ሆቭ ውስጥ፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ባለው ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ቤት አራት አፓርታማዎች አሉ። አራቱ ባለቤቶች እያንዳንዳቸው የሊዝ ውል አላቸው፤ መሬቱንና ሕንፃውን የያዘችው ትንሽ ኩባንያ ደግሞ የራሳቸው የጋራ ናት። አስተዳዳሪ ቀጥረው አያውቁም። የሕንፃው ወረቀት ሁሉ የሚቀመጠው ሌናርድ ፕራውዝ አልጋ ሥር፣ በሁለት የጫማ ካርቶን ውስጥ ነው። ሥራውን ለምኖ አላገኘውም። ከሃያ ዓመት በፊት ደረጃው ላይ በተደረገ ስብሰባ "ማን ይያዘው?" ሲባል ሁሉም ጫማ ጫማውን ማየት ያዘ፤ ቀና ብለው የተገኙት እሱና ሚስቱ ኦድሪ ብቻ ነበሩ። በዚያው ሁለቱም የኩባንያዋ ዳይሬክተር ሆነው ቀሩ።

አሁን የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ዊኒፍሬድ ቤቷን ልትሸጥ ነው። ጉልበቷ ደረጃውን እምቢ ብሏል። እህቷ ዌልስ ውስጥ ደረጃ የሌለው ቤት አግኝታላታለች፤ የዚያ ቤት ሻጭ ግን ከዓርብ በላይ አልጠብቅም ብሏል። የዊኒፍሬድን ቤት የሚገዛው ሰው ጠበቃ አሥራ አንድ ገጽ ጥያቄ ላከ። ሌናርድ ስለ ጣሪያው፣ ስለ እሳት ማንቂያው፣ ስለ ኢንሹራንሱ የተጠየቀውን በሁለት ቀን ጨረሰ። አንድ ነገር ቀረ፦ ዊኒፍሬድ ዱሮ የወጥ ቤቷን ግድግዳ ስታፈርስ ኩባንያው የፈቀደበት ወረቀት። መፍቀዱንስ ፈቅዷል፤ የፈቀደው ግን ደረጃ ላይ፣ በአፍ ነው። ጠበቃው፣ አሁንም ቢሆን ይጻፍና በመንግሥት የኩባንያዎች መዝገብ ላይ ያሉት ሁለቱም ዳይሬክተሮች ይፈርሙበት አለ።

ኦድሪ ከሞተች ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል።

ሌናርድ መሞቷን ለባንኩ፣ ለጡረታ ቢሮው፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ሳይቀር አስታውቋል። የኩባንያዎች መዝገብ ግን በዓመት አንዴ "የተለወጠ ነገር አለ?" ብሎ ሲጠይቀው "የለም" ብሎ ይልካል። የመጀመሪያው ዓመት ረስቶት ነው። ከዚያ ወዲያ አልረሳም። ስሟን ከስሙ ሥር፣ "በሥራ ላይ" ከሚል ቃል ጋር ሲያየው ደስ ይለው ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ማንንም ይጎዳል ብሎ አላሰበም።

ዊኒፍሬድን "ወረቀቱን እየፈለግኩት ነው" እያለ ዘጠኝ ቀን አቆያት። ረቡዕ ዕለት መደገፊያውን ይዛ፣ በየደረጃው እያረፈች ወርዳ በሩን አንኳኳች። ሻይ አቀረበላት፤ አልነካችውም።

"ሌን፣ የኦድሪ ነገር ነው አይደል?" አለችው።

ሌናርድ ጫማውን ማየት ያዘ።

"መዝገቡ እኮ ለማንም ክፍት ነው። በየዓመቱ አንተ ከላክህ በኋላ ገብቼ አያለሁ።"

"አይተሽ ዝም አልሽኝ?"

"ምን ልበልህ? እኔም እዚያ ሳያት ደስ ይለኝ ነበር።" ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገች። "ግን ሌን፣ ይሄን ደረጃ ሌላ ክረምት አልችለውም።"

ሌናርድ ኮምፒውተሩን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። ዳይሬክተር ሲለቅ የሚሞላው ቅጽ አጭር ነው፤ ስም፣ ቀን፣ በቃ። ቀኑ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ዊኒፍሬድ ወንበሯን አስጠጋችና ቀኑን ነገረችው፣ የሚያውቀውን ቀን፤ እሱም ጻፈው። ወዲያው መልስ መጣ። ስሟ አልተሰረዘም፤ እዚያው ከስሙ ሥር አለ። "በሥራ ላይ" የሚለው ብቻ ተነሥቶ "ለቅቃለች" የሚል ገብቶበታል።

ዊኒፍሬድ መነጽሯን አስተካክላ አነበበችው።

"ኦድሪ?" አለች። "ምን ለቅቃ ታውቅና ነው?"

ሌናርድ ሊስቅ ጀምሮ አለቀሰ፤ በቀብሯ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። ዊኒፍሬድ አላባበለችውም። የቀዘቀዘውን ሻይዋን እየጠጣች እስኪጨርስ ጠበቀችው።

በማግስቱ ጠዋት የፈቃዱ ደብዳቤ ከማተሚያው ወጣ። ደብዳቤው ቀደም ብሎ የተዘጋጀ ስለነበር ከግርጌው ሁለት የፊርማ መስመሮች ነበሩት። አሁን ብቸኛው ዳይሬክተር የሆነው ሌናርድ በመጀመሪያው ላይ ፈረመ። ሁለተኛውን በማስመሪያ ሰረዘው።